የድስቱ ጆሮ

ሸዋ በር ቁልቁል ላይ፣ ከጎሚስታው አጥር፣
ታፔላ ይጽፋል ሠዓሊው ጋሽ ይመር።
የጸጉር ቤት ራሶች፣ አንገት የሌላቸው፣
የሥጋ ቤት በሬዎች፣ ደስታ የሞላቸው፣
ከፒያሳ እስከ መናፈሻ የእሱ ሥራ ናቸው።

እኛ ስካውቶቹ ዘጠኝ ሆነን ሄድን፣
መዋጮ ቋጥረን፣ ኮምፔንሳቶ ይዘን።
«ጋሽ ይመር፣ ለክበቡ ግድግዳ የሚሆን
ድንኳን፣ እሳት፣ ተራራ፣
እዚያ ውስጥ እኛንም አድርገህ ሳልልን።»

በሳምንቱ መጣን።
ሰማዩ እንደ ሳሙና ካርቶን ያበራል፣
እሳቱ ጭስ የለው፣ ሣሩ ተበጥሯል።
የአንገታችን ሻሽ፣ አረንጓዴና ብጫ፣
ነፋስ በሌለበት ይውለበለባል ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ።
ሁላችንም ስቀናል፤ ሳቁን ሳስተውለው
ከሥጋ ቤቱ በሬ የተዋስነው ነው።

ደስ አለን። መቼስ ማን መልኩን ይጠላል?
ሰብሳቢያችን አቶ እንግዳውም «እሰይ» ብለዋል።
ጦይባ ሙህዬ ብቻ ተጠግታ ቀረበች፣
የድንኳኑን ገመድ በጥፍሯ ነካች፣
«ይሄ ቋጠሮ ይፈታል» አለች።

ዝም አለ ጋሽ ይመር። ብሩሹን ጠረገ።
እንደገና ጠረገ።
«እኔ እንደሁ» አለን፣ «ጦሳን የማውቀው
ታፔላ ስሰቅል፣ ከመሰላል ላይ ነው።»

ቅዳሜ ወሰድነው።
ጦይባ ከፊት ሆና፣ ኑርልኝ ከኋላ፣
እኔ ድስት ተሸክሜ፤ መቼም ከዚህ ሌላ
ማዕረግ ሰጥተውኝ አያውቁም።
ዳገቱን ሲያጋምስ፣ ጉልበቱ ሲዝል፣
«ቆዩ፣ ይሄን ጥላ ልየው» ይላል እንጂ፣ ማን ደከመኝ ይል!

ከዚያ ጉሙ መጣ።
የደሴ ጉም እኮ አይመጣም፣ ይገባል፤
እንደ ቅርብ ዘመድ ሳያንኳኳ ገብቶ ይቀመጣል።
ከተማዋን ዋጠ። ባሕር ዛፉን ዋጠ።
የኑርልኝን ባርኔጣ ትቶ ኑርልኝን ዋጠ።

ካፊያው ተከተለ። ድንኳኑስ ቆመልን፣
(ቋጣሪዋ ጦይባ ናት)
እሳቱ ግን እምቢ፣ ክብሪቱ ራሰብን።
ሦስት ዓመት ሙሉ «ዝግጁ!» እያልን ስንጮህ የኖርን
ዘጠኝ ልጆች ቆመን እርጥብ ጭራሮ ታቀፍን።

ጋሽ ይመር ከካፖርት ኪሱ ጨርቅ አወጣ፣
ብሩሽ የሚጠርግበት፣ አኳራጅ የጠጣ፤
የሲጋራ ላይተሩን አንዴ ጫር ቢያደርገው
ቦግ አለ፤ ያን ጊዜ ነው
ፊታችንን ደህና አድርጎ ያየው።
ሽሮው አኳራጅ አኳራጅ ይል ነበር፤
ማንም አላማረረ፤ ድስቱ ተጠረገ እስከ ሥር።

ሲመለስ ሦስት ቀን ሱቁን ዘግቶ ዋለ።
በአራተኛው ጠራን።
ያ ሰማያዊ የለም። በነጭና በአመድ
ከላይ እስከ ድንኳኑ ጫፍ ጉም ለቆበታል፤
ዘጠኝ ነበርን፣ አራት ቀርተናል።

አቶ እንግዳው ጮኹ፦ «ኧረ በሕግ አምላክ!
ሰማይ ብለን ከፍለን፣ የእርጥብ ብርድ ልብስ መልክ!»
«አለ፣ አልሰረቅኩትም» አለ ጋሽ ይመር፣
«ሁለት እጅ ቀብቼዋለሁ፤ ያው ነው፣ ከጉሙ ሥር።»

የገመዱን ጫፍ ግን ባዶ ነበር የተወው።
ብሩሹን ለጦይባ ሰጣት፤ ምላሷን ነክሳ ሳለችው።
ወፍሮ፣ ጥቅል ጎመን መሰለ ቋጠሮው፤
አይፈታም ግን። እኔ ምስክር ነኝ፣ ትክክለኛው ነው።

ዛሬም አዳራሹ ውስጥ፣ ከመስኮቱ ጎን፣
እንግዳ ሲመጣ ይቆጥረናል እኛን፦
«ይቺ ጦይባ ትሁን፤ ባርኔጣው የማነው?
አንተስ የታለኸው?»

ከቀኝ ዳር፣ ጉሙ ከሚወፍርበት፣
ቀለሙ ትንሽ ከተሰነጠቀበት፣
ልብ ላለው ሰው ጥቁር ቅስት ትታያለች።
የድስት ጆሮ ናት፤ ከጉም ወጥታ ቀርታለች።
የያዝኳት እኔ ነኝ። አሁንም ትከብዳለች።