ባቡር እስኪያልፍ

ሐዲዱን አልነቀሉትም፤ ከነዝገቱ ተኝቷል፣
መሐሉ ሳንቃ ተነጥፎ የእግር መንገድ ሆኗል፤
ባቡር ባጓራበት መሬት ጋሪ ይገፋበታል፣
ውሻ በገመድ ያሰረውን ጌታውን ይጎትትበታል።

እኔና ሽማያ ግን የምንሄደው ጠርዝ ጠርዙን ነው።
ሳንቃውን አይረግጥም እሱ፤
"የባቡር ነው፣ የሰው አይደለም፣ ተይው።"
ሰማንያ ስምንት ዓመቱ ነው። እኔ ተከፍሎኝ የምይዘው
ክንዱን፣ የመድኃኒት ሣጥኑን፣
ኮቱን፣ ሲሞቀው የሚያወልቀው።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ እዚህ ባቅዓ ማቋረጫው ላይ፣
አግዳሚውን ሲያወርድ ሲያነሣ፣ ግራና ቀኙን ሲያይ፣
ባቡሩን ከሰው፣ ሰውን ከባቡሩ ሲገላግል ኖረ።
ራሱ ግን አንድም ቀን ተሳፍሮ አያውቅም።
ለምን? ብዬ ጠየቅሁት፤
"እኔ ከሄድሁ በሩን ማን ይዘጋል?" አለኝ።
መልስ አልነበረኝም።

እኔ በእግሬ የመጣሁ ነኝ።
ሱዳን ድረስ፣ ሌሊት ሌሊት፣ ስምንት ዓመት ሳይሞላኝ፣
ቀና እንዳትይ ተብዬ፣
ከፊቴ ያለውን ተረከዝ ብቻ በዓይኔ ይዤ፣ ተከትዬ።
መንገድ ለእኔ የሚርቅ ተረከዝ ነው፤
ለሽማያ የተዘጋ በር።
እንዲህ ሆነን ነው የምንሄደው፣ በየቀኑ፣
ሐኪሙ ባዘዘው ቁጥር።

ሳንቃው ባለቀበት በኩል የጥንቱ እንጨት ይታያል፣
አንዱን ከረገጥህ እርምጃህ ያጥራል፣
አንዱን ከዘለልህ ይረዝማል፤
ለሰው ጉልበት እንዳልተለካ
እግር ሳይነግሩት ያውቃል።

ዓርብ ነበር። ፀሐይ ከቤት ሳፋፋ ማዶ ዘንበል ብላ፣
የጥብስ ቅጠሉ አጥር ያውዳል፣ በቀሚስ ጫፍ ሲነካ፣
ከየመስኮቱ ሽንኩርት ይቁላላል፣ ሰው ሁሉ ይቸኩላል።
ያን ጊዜ የሰንበት ጡሩምባ ነፋ፤
አንድ ድምፅ፣ ረጅም፣ ከጣሪያ ጣሪያ የሚሄድ፣
እንደሚመጣ ነገር።
ሽማያ ክንዱን ከእጄ መነጨቀ። መዳፉን ዘረጋ።
"ቁም!" አለ፤
በጉሮሮው አይደለም፣ በሠላሳ አንድ ዓመቱ።

ስኩተር የሚያበርረው ልጅ ፍሬን ያዘ።
አበባና ሁለት ዳቦ የታቀፈች ሴት ቆመች።
የሚሮጠው ሰውዬ ባለበት ትንሽ ረገጠና ተወው።
ሁለት የሰፈሩ ማዶ ልጃገረዶች፣
አይስክሬሙ በጣታቸው እየወረደ፣ ጸጥ አሉ።
እዚህ አገር ጡሩምባ ሲጮኽ
እጁን ያነሣ ሽማግሌን የሚሞግት የለም።

ባዶ ሐዲድ። ሁላችንም ባዶ ሐዲድ እናያለን።
አንድ ቡናማ ውሻ ብቻ
አንገቱን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ቀስ ብሎ፣
እስከ መጨረሻው ፉርጎ አዞረ።

ሽማያ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ "አራት… አምስት…"
እኔም ሳላውቀው እቆጥራለሁ፤
የእኔ ግን ፉርጎ አይደለም፦
የወንድሜ የአየልኝ ተረከዝ፣
የአክስቴ የብርቄ፣ የተሰነጠቀው፣
ከዚያ የማላውቀው ሰው፣
ከዚያ
አንድ ክፍት ቦታ፣ ማንም ያልሞላው።

ጡሩምባው አቆመ። እጁን አወረደ።
"እለፉ።"
ልጁ ግን አላለፈም። "ሳባ፣ ወዴት የሚሄድ ነበር?"
"ወደ ያፋ፣" አለ ሽማያ፣ ሰዓቱን አይቶ፣
ሰዓቱ ከሞተ ዓመት አልፎታል፣
"አርፍዷል።"

ሰንበት ነውና ያን ማታ አልጻፍሁም።
ቅዳሜ፣ ሦስት ኮከብ ከታየ በኋላ ተመልሼ፣
ልጁ ሚካል የምታነበውን ደብተር ገለጥሁ፦
ምሳ፣ ግማሹን። መድኃኒት፣ ሁሉንም።
ሽንት፣ ደህና። ጉልበት፣ ያው።
"የዘገያችሁበት ምክንያት" የሚል መስመር አለ፤
ብዕሬን ይዤ ትንሽ ቆየሁ።
ከዚያ እንዲህ ስል ሞላሁት፦
ባቡር አሳለፍን።