ለአሮጌ ሞተር ሳንባ

ሜትሩ ከቆመ ስምንት ዓመት ሆነው፣
አራት መቶ ሺህ ላይ ደክሞት ያረፈ ነው።
ከዚያ ወዲህ የሄድነው አልተጻፈም የትም፤
እኔም አልጠየቅሁት፣ እሱም አልነገረኝም።

ከለገሃር ፒያሳ፣ ከፒያሳ ለገሃር፤
ቁልቁለቱን በፉጨት፣
ዳገቱን በምሕላ፣ በጭንቅ፣ በዳር በዳር።
ቴዎድሮስ አደባባይን ስናልፍ ይጀምረዋል፤
በአንደኛ ማርሽ እንኳ ደረቱን ይዞ ያቃስታል።
«ወርደን እንግፋልህ ወይ?» ይለኛል የኋላ ወንበር፤
ረዳቴ ጥጋቡ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ያፍር።

ጥፋቱ የሱ ብቻ አይደለም። ከተማው ከፍታ ላይ ነው፤
አየሩ ስስ ነው፣ መቶ ጊዜ እንደታጠበ ነጠላ፤
ናፍጣው እንደ ልቡ ይረጫል፣ የሚያነደው ትንፋሽ ነው የጎደለው፤
ያልነደደው ጠቁሮ ይወጣል ከኋላ።

ሶማሌ ተራ ሄድኩ።
ነስሩ ከጆንያ አወጣት፣ ቀንድ አውጣ የመሰለች ብረት፣
ከተጋጨ መኪና ሆድ የተረፈች፣ ዘይት የጠገበ ጨርቅ ለብሳ፤
«ንፋስ የምታጎርስ ናት» አለኝ፣ «ታስነሳለች ሬሳ!»
ዋጋዋን ሲጠራ ልቤ ማርሽ ቀየረ፤
ወጣሁ፤ ጠራኝ፤ ተመለስኩ፤
ትንሽ ቀነሰ፣ ትንሽ ጨመርኩ፣ በዚያው ቀረ።

የሸረፋ ጋራዥ ተክለ ሃይማኖት ጀርባ ነው።
ቱርቦዋን ተቀበለኝ፣ ዘንጓን በሁለት ጣት ነቀነቀ፣
ወደ ጆሮው አስጠግቶ አዞራት፤ አልሳቀ።
የፊቱን ወንበር ገልብጦ ሞተሩን አየ፣ ብዙ ቆየ።
«እሷስ ደህና ናት» አለኝ፣ «እኔ የምፈራው ይሄን ነው።»

አራቱን ሲሊንደር በየተራ ለካ፤
ሦስተኛው ላይ መርፌዋ ግማሽ መንገድ ሄዳ ቀረች፣
ቀሪውን ሳትነካ።

«ስማ፤ ይቺ ጉልበት አትሰጥም፣ ያለህን ነው የምትበደር፤
ፋሻው ላልቶ፣ ቴስታታው ላብ እያወጣ፣ ንፋስ ብትጨምር
ቸርችልን አንድ ሳምንት በኩራት ወጥተህ
በሁለተኛው ትወርዳለህ፣ በገመድ ተጎትተህ።»

«አርጅቷል በለኛ» አልኩት።
«አላረጀም፤ ሠርቷል።»
ቃሉን በካቻቢቴ ነው ያጠበቀው።

ለጣራ ቆርቆሮ ያስቀመጥኩት ብር ፋሻ ሆነ፤
ክረምቱ ይምጣ እንግዲህ፣ ባልዲ አለን።
ሦስት ሳምንት በእግሬ ሄድኩ። ለካ እኔም ዳገት ላይ አቃስታለሁ፤
ማዘጋጃ ቤት ሳልደርስ ሁለት ጊዜ ቆምኩ፣
የሰው ጫማ የማይ መስዬ።

ሲገጥማት ከጎኑ ቆምኩ። የገረመኝ አንድ ነገር ነው፦
የሚያዞራት ጭሱ ነው!
የሚሰደበው፣ ትራፊክ የሚከሰን በሱ፣
በማርሚታ አምልጦ ሊሄድ ሲል ተያዘ ጭሱ፤
«ሳትወጣ ይቺን አዙር፣ ለሚመጣው አየር አምጣለት» ተባለ።
እኔ ስንት ትንፋሽ ጣልኩ
በመስኮት በስድብ፣ በጡሩምባ፣ በከንቱ፤
አንዲት ብሎን እንኳ ሳላዞር በሱ!

«ግፊቷን ዝቅ አድርጌያታለሁ፤
ፖምፓውን እንዳትነካ። ጥጋቡ ደግሞ አጠገቡ አይድረስ።
ስትቆም ቶሎ አታጥፋ። አንድ ደቂቃ ተቀመጥ።
እሷ ገና እየዞረች ዘይቱ ከተቋረጠ
ትቃጠላለች፤ ከዚያ እኔ ጋ እንዳትመለስ።»

ሰኞ ጠዋት፣ ሙሉ ሰው።
ቴዎድሮስ አደባባይን አለፍን፣
በሁለተኛ ማርሽ፤ ከስር ቀጭን ፉጨት ተሰማ፣
አፍሮ የሚያፏጭ ሰው ዓይነት።
የኋላ ወንበር ዝም።
ዳገት መሆኑን የረሳ ሰው ምን ይላል?

ፒያሳ። ሁሉም ወረደ።
ጥጋቡ «ለገሃር! ለገሃር!» ይላል፣ በሩን እየደበደበ፤
«ምነው አታጠፋም? ናፍጣ እኮ ነው!»
እጄን ቁልፉ ላይ አሳርፌ እቆጥራለሁ።
ፉጨቱ ይቀጥናል፣ ይቀጥናል፤
ሦስተኛው ሲሊንደር አሁንም የሆነ ነገር ያጉረመርማል፤
እሰማዋለሁ።
አምሳ ስምንት። አምሳ ዘጠኝ።
ከዚያ ቁልፉን እመልሳለሁ።