ዜሮ ሃያ ሁለት

ሚክሰሯን አይሱዙው ላይ በገመድ አሰርናት፤
አፏን ወደ ኋላ፣ አዳማን እያየች እንድትሄድ ጫንናት።
ሆዷ ላይ በቀይ ቀለም፦ «ጉርሜሳና ልጁ፣ የአርማታ ሥራ፣ አዳማ»፤
ከሥሩ ስልኩ፣ በዜሮ ሃያ ሁለት የሚጀምረው፣
ገዝፎ የተጻፈ፣ ከሩቅ እንዲሰማ።

ልጁ እኔ ነኝ።
አባቴ በርጩማውን ደጃፍ አውጥቶ ሸኘኝ፤
ሳሉ ገና ያልተነፋ ሲሚንቶ ይመስላል፤
«አልሄድም» አለ፣ «አርማታ ተሞልቶ ካደረ ማን ያንቀሳቅሰዋል?»

ፎርማናችን ሂርጳም ቀረ፣ የሚስቱ መውለጃ ደርሶ፤
ቱንቢውን ግን ሰጠኝ፣ ክሩን ጠቅልሎ፣ አቧራውን አብሶ፦
«ይሄ አገር አያውቅም፤
የትም ብታንጠለጥይው፣ ከቁልቁል ሌላ አያይም።»

ለምን ሄድሽ ለሚለኝ፣ መልሱ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤
ሦስት ፎቅ ያቆምንለት ሰው የጻፈው ቼክ፣
ባንኩ «ስንቅ የለውም» ብሎ የመለሰው።
ሞጆን አልፈን፣ መቂን አልፈን፣ ዝዋይ ላይ ሾፌሩ ዓሣ ሲበላ
ያንኑ ቼክ አውጥቼ አየሁት፤
ስንቅ አልያዝኩም ከእሱ ሌላ።

ጥቁር ውሃን ስንሻገር ነፋሱ ተወን።
አዳማ ላይ ሶሌታ እንዳይሰነጠቅ በእርጥብ ጆንያ ሸፍነን
ሌሊት በባትሪ ውሃ የምናጠጣ ሰዎች ነበርን።
ሐዋሳ ግን ጠላቴ ከላይ አልመጣም።
አቶቴ ላይ የመጀመሪያውን መሠረት ሳስቆፍር
ሜትር ከግማሽ ሳይሞላ ውሃ ፈለቀ፤
ቆፋሪው ዱካሞ አካፋውን ተክሎ ሳቀ፦
«ሐይቁ ነው፤ እንግዳ መምጣቱን ሰምቶ ሊጠይቅሽ።»
ሁለት ቀን ሙሉ በኪራይ ፓምፕ ጠያቂዬን ስሸኝ ዋልኩ፤
ናፍጣው በሊትር አለቀ፣ እኔ በሳንቲም አለቅሁ።

ጠጠር ብዬ ያስመጣሁት ባልዲ ውስጥ ተንሳፈፈ።
ለአባቴ ደወልኩ። ዝም አለ፣ ሳለ፣
«የሚዋኝ ድንጋይ ቤት አይሸከምም፤ መልሺው» አለኝ።
መለስኩት፤ የመኪናው ኪራይ ግን ላይመለስ ቀረብኝ።

ደንበኛ ይመጣል፤ ሚክሰሯን ያነባል፤ በእኔ ላይ አሻግሮ ያያል።
«ልጁ የት ሄደ?» ይላል።
«ልጁ እኔ ነኝ።»
ቦት ጫማዬን ያያል። «አይ፣ ወንዱ» ይላል።
አማርኛ ተንኮሉ!
የእሱ ልጅና ያ ልጅ አንድ ካፖርት ለብሰው ይሄዳሉ፤
እኔ ከውስጥ ሆኜ ቁልፉን ስፈታ
ሰዎቹ ሌላ ቤት ያንኳኳሉ።

በሦስተኛው ወር ቀለም ገዛሁ።
ዜሮ አርባ ስድስት ልጽፍ፣ «አዳማ»ን ላጠፋ፣
«ልጁ»ን ምናልባት «ልጂቱ» ላደርግ፣
ብሩሹን ነክሬ እንደቆምኩ ስልኬ ጮኸ።
አባቴ ነው፤ ድምፁ ወፍሯል፤ ሳሉ የት እንደሄደ እንጃ።
«ሥራ ይዤልሻለሁ።»
«የት?»
«እዚያው ሐዋሳ። ሰውዬው ሚክሰሯን መንገድ ላይ አይቶ
በቤት ስልክ ደወለ፤ አቧራውን ጠርጌ አነሳሁት።
ስምንት ኮለን፣ አንድ ሶሌታ። ተስማማሁ።»
«በስንት?»
ነገረኝ።
ሲሚንቶ ኩንታሉ መቶ ብር ሳይሞላ
እኔ በካሪዮላ ስጫወት የነበረ ዋጋ ነው።

የተደፋ ባልዲ ላይ ቁጭ አልኩ። ሳቅ መጣ፣ ሌላም ነገር መጣ።
«ቃሌን ሰጥቻለሁ» አለ ቀስ ብሎ፣ «አነሰ እንዴ?»
«አላነሰም አባዬ።
ደህና ዋጋ ነው።»

ብሩሹን በናፍጣ አጠብኩ፤ የቀለሙን ጣሳ ከደንኩ።
ነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ
ዱካሞ ሁለት ሰው ጨምሮ ይመጣል፤
የሂርጳን ቱንቢ እሰቅላለሁ፤
ሚክሰሯም ከነጽሑፏ ትዞራለች፤
ዜሮ ሃያ ሁለት አንዴ ተዘቅዝቆ፣ አንዴ ቀና ብሎ፣
አንዴ ተዘቅዝቆ