አንድ ሺህ ሦስት መቶ አርባ

አባቴ ወሬ አያውቅም ነበር፤ ስልክ ስደውልለት
«አለሁ» ብሎ ይዘጋል፤ ሌላ ቃል የለበት።
አርባ ዓመት የጀልባ ሞተር ሆድ ሲጎረጉር፣
ዘይቱ ሰርጎበት ጥፍሩ እስኪጠቁር፣
ከሳሬማ ደሴት እስከ ማዶው ወደብ
እንደ ሸማኔ መወርወሪያ አንዴ ሲርቅ፣ አንዴ ሲቀርብ።

ጡረታ በወጣ ዓመት፣ እኩዮቹ ዓሣ ሲያጠምዱ፣ ሲያጠምዱ፣
እሱ አርዱይኖ ገዛ፤ ክብሪት የምታክል ሰማያዊ ጉድ።
ያ የመርከብ ብሎን የሚያላላ ጣቱ
ጸጉር ከሚያክል ሽቦ ጋር መከራ ማየቱ!
መበየጃው አውራ ጣቱን ሁለቴ ጠበሰው፤
እፍ ብሎ ቀጠለ፤ ማን ሊመልሰው።
ጎረቤቱ «ኡርማስ፣ ንብ ስልክ ይደውላል?» ብሎ አሾፈ፤
እሱ መልስ አልሰጠም፤ ሽቦውን በጥርሱ ገፈፈ።

እናቴ የመታጠቢያ ቤት ሚዛኗን ፈልጋ አጣች፤
«አንቺ መች ከበድሽ? ንቦቹ ይመዘኑ» ሲላት ሳትወድ ሳቀች።
ቀይና ጥቁሩን አገላብጦ፣ ቀፎው ከባዶ በታች መዘነ፤
ሦስት ቀን ከጓዳው አልወጣም፤ በአራተኛው ዳነ።
ሚዛኑን ከቀፎው ሥር፣ ሰሌዳዋን በሰርዲን ጣሳ፣
ከላይ የፀሐይ ፓኔል፣ ባትሪው እንዳይከሳ።

ከዚያ ወዲያ እኩለ ሌሊት በሆነ ቁጥር
ታሊን ድረስ፣ ትራሴ ሥር፣ ይደርሰኛል አንድ ቁጥር።
ሠላሳ አንድ ነጥብ አራት። ሠላሳ አንድ ነጥብ ዘጠኝ።
የሊንደን ዛፍ ሲያብብ አርባ አራት፤ ደስታው እንቅልፍ ነሣኝ።
ወግ ይሏችኋል ይህ ነው፤
አባትና ልጅ ነን፤ በግራም የምንጫወተው።

በመጋቢት ሞተ።
ሰሌዳዋ አልሰማችም፤ ማንም አልነገራት።
የቀብሩ ሌሊት፣ ጫማዬን ሳላወልቅ፣ ስልኬ ጮኸ፦
ሃያ ስድስት ነጥብ ሁለት።

ሚያዝያ ላይ ሄጄ ኮዱን ከፈትኩት፤ እኔም ባንክ ቤት ያደርኩት በዚሁ ሙያ ነው፤
እንደ መሣሪያ ሣጥኑ ነበር፣ ሁሉም ነገር በቦታው።
መሐል ላይ ብቻ አንዲት መስመር፣ ማብራሪያ የሌላት፣
«አንድ ሺህ ሦስት መቶ አርባ ግራም ቀንስ» ትላለች፤ ከየት አመጣት?
ዕድሜ ነው አልኩ፤ ዓይኑ ደክሞ።
ሰረዝኳት፤ አስተካከልኩ ብዬ፣ ተደስቼም ደግሞ።
ያን ሌሊት ንቦቹ ወፈሩ፤ ያለ አበባ፣ ያለ ማር፣
ኪሎ ተኩል ሊሞላ ትንሽ ሲቀር።

በማግስቱ ከባሕሩ ነፋስ ተነሣ፣ ጥዱን መሬት የሚያስም፤
ክዳኑ ይበር ይሆን ብዬ ሮጥኩ፤ አልተነቃነቀም።
ከላዩ ድንጋይ ነበር፤ ክብ፣ ግራጫ፣ ከውሃ ዳር፤
ስንት ጊዜ አልፌዋለሁ፤ ዓይኔ ድንጋይ አይቆጥር።

ወጥ ቤት አስገብቼ ዱቄት መመዘኛው ላይ አኖርኩት፤
መርፌዋ ተንቀጠቀጠች፣ ቆመች።
እናቴ ድስት እያጠበች፣ ዞር ሳትል፣
«ፒሌ፣ እሱም እዚያው ነው የመዘነው፤ ዱቄቱን እንኳ ሳያራግፍ» አለች።
ከዚህ በላይ አልተነጋገርንም።
ቁጥሩን ማንበብም አላስፈለገኝም።

መስመሯን መለስኳት። አጠገቧ ማብራሪያ ጻፍኩ፣ ረዘመብኝ፤
አጠፋሁት። «ድንጋዩ ነው» ብቻ አልኩ፤ ይኸኛው የሱ መሰለኝ።
ድንጋዩንም ወደ ክዳኑ መልሼ፣ ጨለማው ውስጥ ቆየሁ፤
በጣሳው ቀዳዳ አንዲት ቀይ ብልጭታ አየሁ፤
ውስጥ ንቦቹ ያጉረመርማሉ፣ እንደ ሩቅ ሞተር።
ኪሴ ውስጥ ስልኩ ነዘረ፦
ሃያ አምስት ነጥብ ዘጠኝ፣
ድንጋዩ ሳይቆጠር።