ጉዳዩ፦

ከፖስታ ቤት ጀርባ፣ ከደረጃው ሥር፣
በትከሻ ካልገፉት የማይከፈት በር፣
ሱቄ እሷ ናት።
ጋሽ አታላይ መጡ ሦስት ሰዓት ላይ ጠዋት፣
ላፕቶፗን በስኳር ከረጢት ቋጥረዋት።

«ሌሊቱን ሙሉ» አሉኝ፣ «ጥርስ ታፋጫለች፣
ወስፋት እንዳለባት ልጅ ትነጫነጫለች።»
ጆሮዬን አስጠጋሁ፤
ቀጭ ትላለች፣ ዝም ትላለች፣ ደግሞ ቀጭ።
ዲስኩ ላይ መርፌዋ መንገድ ጠፍቷት
ያንኑ በር ደጋግማ ታንኳኳለች፣
ቤቱን እንደሳተ ሰካራም፣ በእኩለ ሌሊት።

ጋሽ አታላይን ፒያሳ የማያውቅ የለም፤
ከፍርድ ቤቱ ማዶ፣ ሰማያዊ ሸራ ሥር፣
አሥራ ሰባት ዓመት የሰው ብሶት በአንቀጽ ሲደረደር።
ድንበር ለተገፋ፣ ቀለብ ለተነፈገች፣
በአንድ ባሕር ዛፍ ለተካሰሱ ጎረቤቶች፣
«ጉዳዩ፦» ብለው ይከፍታሉ፤
«በእውነት የቀረበ መሆኑን አረጋግጣለሁ» ብለው ይዘጋሉ።
መሐሉን ባለጉዳዩ ያውቃል።

ገለበጥኳት። ቀዳዳው አሥራ አንድ፣ ብሎኑ አሥር፤
አንዷን ከእኔ በፊት የነካት ባለሙያ በልቷታል።
የቀሩትን በወጡበት ተራ
ካርቶን ላይ ተከልኳቸው እንደ ሽንኩርት ችግኝ።
ማራገቢያው ውስጥ የፍርድ ቤት ደጅ አቧራ
ተባዝቶ፣ ለፈትል ደርሷል።

አዲሱ ዲስክ የቀበሌ መታወቂያ ያህላል፤
አይዞር፣ አያፋጭ፣ እስትንፋስ የለው።
በመዳፋቸው መዘኑት፦
«አሥራ ሰባት ዓመት እዚች ላይ ይበቃል?»
«ሰባት እጥፉም ቢመጣ ቦታ ይተርፋል።»
«ታዲያ እኛ ለአንድ ክንድ መሬት...»
አልጨረሱትም።

ፍላሹን ሰካሁ፤ መስኮቱ ሰማያዊ ሆነ፣
እንደ አዲስ ሬጅስትራር ይጠይቅ ጀመር፦
ቋንቋዎ? አገርዎ? ሰዓትዎ የማን ነው?
ዝርዝሩ ውስጥ ጎንደር የለም፣ አዲስ አበባም የለም፤
ናይሮቢን ነካሁት።
«ናይሮቢ ደግሞ ምን ቤታችን ነው?»
«ፀሐዩ አንድ ነው፣ ጋሽዬ።»
ግን እኛ አምስት ስንል እሱ አሥራ አንድ ይላል፣
ዓመቱንም ጥሎን ሄዷል።
«ይሂድ» አሉ።

ስልሳ አራት በመቶ ላይ መብራት ሄደ።
ከጎናችን ያለው ወፍጮ በአንድ እህል ላይ ቆመ፤
ባጃጆቹ ብቻ ሽቅብ ያቃስታሉ።
«ከሀ እንጀምራለን» አልኩ አፍሬ።
ሳቁ፦ «እኔን ነው በቀጠሮ የምታስፈራሪ?»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣ። እንደገና ቋንቋ፣ እንደገና ናይሮቢ፤
በመጨረሻ፦ ስምዎ?
ጣታቸው ቁልፉ ላይ ቆየ።
«በአመልካች ቦታ» አሉ «የእኔ ስም ገብቶ አያውቅም።»

አሮጌውን በገመድ አገናኘሁት፤ ጥቂት ትንፋሽ ነበረው።
ከጽሑፎቹ የደረስኩበትን ጎተትኩ፦
ቀለብ፣ ወለቃ። ድንበር፣ ጯሂት። ውርስ፣ ጠዳ።
ከሁሉ በታች አንድ፦ «ወንድሜ፣ ረቂቅ»፤
ከተነካ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶታል።
«ይሄስ?» አልኳቸው።
መነጽራቸውን አወለቁ፣ በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት፣
ንጹሑን እንደገና ጠረጉት።
«የሰውን አውጪልኝ፣ ልጄ፤
ያ እዚያው ይቅር።»

ያልኩትን እንደሰማ ሁሉ
ዲስኩ አንዴ ቀጭ አለ፣
ሁለተኛውን ጠበቅሁ፣ አልመጣም።
በመሐረብ ጠቅልለው ደረት ኪሳቸው ከተቱት።

የአማርኛውን ፊደል ጫንኩና «ይሞክሯት» አልኩ።
በሁለት ጣት፣ እንደ ድሮው የጽሕፈት መኪና ደቁሰው፣
«ጉዳዩ፦» ጻፉ።
ነቁጧ ከሁለቱ ነጥብ በኋላ
ብልጭ ድርግም እያለች ቆመች፤
እሳቸውም ቆሙ።
ከዚያ ክዳኑን ቀስ ብለው ዘጉት፣
ሂሳባቸውን ቆጥረው ከፍለው ወጡ።

ስጠርግ ካርቶኑ ላይ አንዲት ብሎን
ተተክላ ቀርታለች።
ወደ በሩ ሮጥኩ፣ በትከሻዬ ገፋሁት፤
ደረጃው ላይ ማንም የለም።
እኔም እንግዲህ እንደዚያኛው ባለሙያ።