የቃሏ መጠን

በሳንቶስ ባሕር ዳር፣ ፎቆች አሸዋ ላይ በዘመሙበት፣
ብርቱካን ብታስቀምጥ ወለሉ በሚያንከባልልበት፣
ስድስተኛው ፎቅ ላይ ነው የምንሠራው።
ቫንደርሌይ ፊቱ ነው፣ እኔ ደግሞ እጁ፤
የሚያየን ብዙ ነው፣ አዋቂውም ልጁ።
እሱ ይስቃል። እኔ ሳሉን፣ ዝምታውን እቆርጣለሁ።

ገንዘቡ የውሸት ነው፤ ድርጅቱ የሰጠን፣
በነካነው ቁጥር ሁሌ የሚያበላን።
ሳቁ ግን እውነት ነው፤ እኔ አላስተማርኩትም፤
ከልጅነቱ ጀምሮ መሸነፍ አያምርበትም።

ከጥግ፣ ከታች፣ ከመጨረሻው ሰከንድ፣
ግራጫ በነጭ ላይ፣ «ማስታወቂያ» የምትል
አንዲት ቃል ነበረች።
ያሳነስኳት እኔ ነኝ፤
ጉንዳን ታነባት እንደሆን እንጂ ሰውስ አያያትም ስል።

አንድ ረቡዕ ደብዳቤው ከዋናው ከተማ መጣ፤
ቫንደርሌይ ሁለት መስመር አነበበና ነጣ።

ዶና ጁሲያራ፣ ጠበቃዋ፣ ከአራተኛው ፎቅ በነጠላ ጫማ መጣች፤
እርሳስ ከጆሮዋ ጀርባ፣ ውሉን ሁለቴ አነበበች።
«ድርጅቱ ፈቃድ አለው? ቁጥሩን አሳዩኝ።»
ዝም አልን።
«ቃሏ ከመጀመሪያው ሰከንድ ትቁም፣ ከሳቁ በፊት።
አሥራ ስምንት ያልሞላው እንዳይገባ በዚህ በር።
‹ገቢ ነው› አትበል። ‹ዕዳ ይከፍላል› አትበል።
ያላስያዝከውን ብር በላሁ ብለህ አትናገር።»
«መጠኗስ?» አልኩ እኔ፤ የሙያዬ ነገር።
«ሰው እየሮጠ የሚያነባት ትሁን» አለች፤
ከዚያ እርሳሷ ዘጠነኛው አንቀጽ ላይ ቆመች።

«በስምህ ከገባ ሰው፣ ከተበላው ላይ ከመቶ ሠላሳ።
ይህንን ፈርመሃል?»
«ሁሉም ይፈርማል» አለ። «ያስጠይቃል?»
«እኔ የምመልሰው የተጻፈውን ነው» አለች፤
ነጠላ ጫማዋን በእግሯ ፈለገች።

ቅዳሜ ከቦዩ ማዶ ወረድን፣ ሴኞር አዴማር ዘንድ፤
ሁለት ወንበር ነበረው፣ ቀይ ቆዳ፣ የብረት ክንድ።
አንዱ የለም።
ወለሉ ላይ አራት የብሎን ቀዳዳ፣
መሀሉ ክብ ሰድር፣ ሠላሳ ዓመት ፀሐይ ያልነካው፣ የጸዳ።

«ተበላሁ» አለን፣ ምላጩን በጨርቅ እየጠረገ፤
እንደ ቀልድ ነው ያለው፣ ዓይኑ ግን እያፈገፈገ።
«በስምህ ነው የገባሁት» አለው ለቫንደርሌይ፤
«ከሰባት ዓመትህ ጀምሮ የማውቀው ስም አይደል?»
ድምፁ ወቀሳ የለበትም።
ቢኖርበት ይሻል ነበር።

እኔ ስሌት ጀመርኩ፣ ክፉ ልማድ ነው።
የአንድ ወንበር ከመቶ ሠላሳው ስንት ነው?
አንድ ክንድ፣ የእግር መርገጫው፣ ከፊሉ የራስ መደገፊያ፤
እሱ ይሆን የገዛልን ያን አዲስ የመብራት ማንጠልጠያ?

ማታ ቃሏን ከጥግ አወጣኋት፤
ጥቁር በቢጫ ላይ፣ ከጆሮ እስከ ጆሮው ዘረጋኋት።
ሳቁን ሸፈነችው።
ድርጅቱ ደወለ፦ «ቀንሷት፣ ትንሽ ብቻ።»
ቫንደርሌይ እኔን አየ። እኔ መስኮቱን።
«በሕግ አምላክ» ብሎ የሚያስቆም አንድ መንገደኛ
በዚያ ክፍል አልነበረም፤ ከእኔ ጣት በቀር ዳኛ።

አልቀነስኳትም።
ጀግንነት አይደለም፤ ቅጣቱን ፈርቼ ነው፣
ወይም ያንን ክብ ሰድር። የትኛው እንደሆነ እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

አሁን ሁሉ ተስተካክሏል፤ ፈቃዱ፣ ዕድሜው፣ ሰከንዱ፤
ዶና ጁሲያራ ምልክት አድርጋለች በየአንዳንዱ።
ዘጠነኛው አንቀጽ ብቻ እርሳሷ እንደተወው ነው።

ትናንት ደግሞ ወረድን። ተራው ረጅም፣ ወንበሩ አንድ።
ሴኞር አዴማር መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ አውርዶ፣
ስልኩን ከፊቱ አርቆ፣
ቃሏን ጮክ ብሎ አነበባት፣ ፊደል በፊደል፣ እንደ ተማሪ፦
«ማ — ስ — ታ — ወ — ቂ — ያ።
አሁን ገና አየኋት» አለ። «ጥሩ ነው። ግልጽ ነው።»
ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ ምላጩ ከጆሮዬ አጠገብ እንዳለ፣
«ለዛሬ ማታውስ ጨዋታ» አለ፣ «ማንን ትላላችሁ?»