እምቢታ የቀባው ቢጫ

ነሐሴ ነው፤ አራት ኪሎ፤ ከሳይንስ ሕንፃው ጀርባ፣
ጃንጥላዬ ዘንጉ ተሰብሯል፣ ካፊያው ደብተሬ ገባ።
አሥራ አንድ ጎጆ ቆጠርኩ፣ በአንዲት አሮጌ ግራር፣
አንዱ ሸማኔ ወፍ ከበሩ፣ ቁልቁል ተንጠልጥሎ ሲዘምር፤
ቢጫ ነው፤ የአስኳል ቢጫ፤ ጭምብል ያጠለቀ ፊቱ፣
ክንፉን ያርገበግባል፣ "ግቢ፣ ቤቴን እዪ" ነው ስልቱ።

መጣች።
ቡላማ፣ ተራ ወፍ፣ ማንም ዞር ብሎ የማያያት።
ገባች። ከውስጥ አንዷን ሣር በምንቃሯ ሳበቻት፣
ደግማ ሳበች። አዳመጠች። የረገበውን ለየች።
ደብተሬ ላይ ያለው ይኸው ነው፦ "ገባች፤ ሳበች፤ ሄደች።"

እሱም ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ባፉ ይፈታው ጀመር፣
የሦስት ቀን ቋጠሮውን፣ የጠወለገውን ሣር በሣር።
ከአጥሩ ማዶም እንዲሁ ነው፤ ቆርቆሮ ይነቀላል፣
ከፒያሳ በኩል የሚፈርስ ግንብ፣ ድምፁ እዚህ ይሰማል።

ጋሽ ደቻሳ፣ አትክልተኛው፣ ማጭዳቸውን ይዘው ቆመው፣
"ምስኪን!" አሉ፣ "ሦስት ቀን ሙሉ! ኧረ ምን ጎደለው?
መልክ የላት፣ ቤት የላት፤ ምን ያኮራታል እሷን?"
ሳቅኩ። እኔም እንደሳቸው ነበርኩ፣ ዓይኔ ሳይለምድ ዝምታዋን።

"እርጥቡ ሣር" አልኳቸው፣ "ጫጩት ይችላል ሲወዛወዝ፣
የደረቀው ይበጠሳል፣ ነፋስ ከዶፍ ሲጋገዝ።
ደግሞስ ጋሽዬ፣ ቢጫውን ማን የቀባው ይመስልዎታል?
እናቷ፣ የእናቷ እናት፣ ከዚያ ወዲያ ማን ይቆጥራል፣
የደበዘዘውን እያለፉ፣ የላላውን እየናቁ፣
በምንቃር ጫፍ፣ በእምቢታ፣ ይህን ሸማኔ አረቀቁ።
ጌጥ በአንገቷ የላትም፤ ዓይኗ ነው የሸመነው፣
እሱ የለበሰው ሁሉ፣ እነሱ ያዩትን ነው።"

"ለሊሴ ልጄ" አሉ ቆይተው፣ "ሦስቴ ሽማግሌ መለሰች፤
ቆጣ ብያት ነበር፤ ድስት ማጠቧን ቀጠለች።"

መልስ አልነበረኝም። ወፍ ወፍ ነው፤ የሰው ሌላ ነው ጣጣው፣
ይህን ደብተሬ አያውቅም። ካፊያውም ዶፍ አመጣው።

ሲያባራ፣ ወንዱ አዲስ ሣር ይዞ ተመለሰ፣
የመጀመሪያዋን ቀለበት ባንድ እግሩ ረግጦ ቀለሰ።
እሷ ከመብራት ሽቦው ላይ ላባዋን ታራግፋለች፣
አልቸኮለችም። እግሯን ቀይራ ቆማለች።

ጋሽ ደቻሳ ሣሩን እያጨዱ እስከ አጥሩ ድረስ ደረሱ፤
ከግራሯ ሥር ግን አንድ ክንድ ያህል ትተው ተመለሱ።